ሙሽራዋን ያላስለቀስኩበት ቀን

ሥራ ቀየርኩ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ እንኳን ደስ አለህ ከማለታችሁ በፊት ከምን ሸሽቶ እንደመጣ ጠይቁት። እኔ የሸሸሁት ከሞት ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ነርስ ነበርኩ። የስንት ሰው ዓይን በእነዚህ ጣቶቼ እንደከደንኩ እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ይዤ፣ ከፊቴ የቆመውን ሰውዬ አንገት እያየሁ «የዚህ ሰውዬ ልብ ደህና አይደለም» ብዬ ሳስብ ራሴን ያዝኩት። ኧረ በቃኝ! ሰው ሁሉ በሽተኛ ሆኖ ከታየኝ ምን ቀረኝ? ሁለት ወር ሳይሞላ መልቀቂያዬን አስገባሁ።

«እና ምን ልትሆኚ ነው?» አሉኝ ባልደረቦቼ። ሠርግ አዘጋጅ አልኳቸው። ያን ጊዜ የሳቁብኝ ሳቅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። እናቴማ «የተማረ ሰው ወንበር ሊደረድር?» ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። እኔ ግን የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነበር፤ ሰው ደስ ሲለው ማየት። አጭር ሥልጠና ወሰድኩና ሜሮን ከምትባል የዲኮር ባለሙያ ሥር ገባሁ። ዓመት ሙሉ ፊኛ ስነፋ፣ ጨርቅ ስተኩስ፣ ወንበር ላይ ሪባን ሳስር ከረምኩ። ሜሮን በዕድሜ ታናሼ ናት፤ በሥራው ግን አለቃዬ ነበረች። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

«ሃኒ፣ ኬክ ቢወድቅ ይረሳል። መብራት ቢጠፋ ይረሳል። ሙሽራዋ ካለቀሰች ግን ቪዲዮው ላይ ለዘላለም ይቀራል። ሥራሽ ሙሽራዋ እንዳታለቅስ ማድረግ ነው፣ አለቀ።»

እኔም የተማሪ ነገር፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ችግሩ ሙሉ ሠርግ የሚሰጠኝ መጥፋቱ ነበር። ልደት አዘጋጀሁ፣ ክርስትና አዘጋጀሁ። ሠርግ ላይ ስደርስ ግን «ሲስተር፣ አንቺ መርፌሽን ውጊ» ይሉኛል የሰፈሬ ሰዎች። ያመነኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ኃይሉ።

ጋሽ ኃይሉ እዚያው ሰፈሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ሚስታቸው ስትሞት አንድ ልጃቸው ሶስና የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። ሌላ አላገቡም። መጀመሪያ ሰሞን ጋቢና ውስጥ አጠገባቸው አስቀምጠው እስከ አፋር ድረስ ይዘዋት ይሄዱ ነበር፤ ትምህርት ቤት ስትገባ ረጅሙን መስመር ትተው ከተማ ውስጥ አሸዋ ማመላለስ ጀመሩ። ፀጉሯን ራሳቸው ነበር የሚጎነጉኑላት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ደም ግፊታቸውን እለካላቸው ነበር።

ሶስና ልታገባ ስትል ዘመድ ሁሉ ስም ያላቸውን አዘጋጆች ሲጠራ፣ እሳቸው «ሲስተር ሃና አለች አይደል እንዴ?» አሉ። ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ታደሰ፣ የቤተሰቡ ቃል የሚወጣው ከእሳቸው አፍ ነው፣ «ነርስ እኮ ናት!» ቢሏቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«መርፌ የያዘ እጅ አበባ አይይዝም ያለው ማነው?»

የመጀመሪያው ሠርጌ የሆነው በዚህ ነው። አራት መቶ እንግዳ፣ መገናኛ አካባቢ ያለ አዳራሽ። ፕሮግራሙን በየደቂቃው ጽፌ፣ በፕላስቲክ አሽጌ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም ሆንኩ።

ቀኑ እሑድ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የሙሽራዋ ቤት ግቢ በሰው ሞልቶ፣ የሙሽራው ሚዜዎች በር ላይ አስገቡን አናስገባም እየተባባሉ ሲጨፍሩ፣ ጋሽ ኃይሉን ጓዳ ውስጥ አየኋቸው። አዲስ ግራጫ ሱፍ ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ብርድ ነው፤ ግንባራቸው ግን በላብ ርሷል። በቀኝ እጃቸው ግራ ክንዳቸውን ያሻሉ።

«ጋሽ ኃይሉ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደስታ ነው፣ ሲስተር።»

«ግፊትዎን ልለካዎት። መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ተይኝ እባክሽ! ዛሬ መለኪያሽን አላይም። ዛሬ ልጄን ነው የማየው።»

እናንተዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ነርስ እኮ ነኝ። ላቡንም፣ ክንዱንም፣ የከንፈራቸውን መገርጣትም አይቻለሁ። ግን አምስት ሰዓት ላይ ሙሽሮቹ መውጣት ነበረባቸው፤ ፎቶ አንሺው ደጅ ይጠራኛል። «እሺ፣ ከሸኘን በኋላ እለካዎታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ሶስና ጉልበታቸውን ስማ ተመርቃ ወጣች። መኪናዎቹ ለፎቶ ወደ እንጦጦ ጫካ ጉዞ ጀመሩ። ጋሽ ኃይሉ እጃቸውን እያውለበለቡ የመጨረሻው መኪና እስኪታጠፍ ቆሙ። ከዚያ ሰው ወጥቶ ጭር ወዳለው ዳስ ተመልሰው ወንበር ሊይዙ ሲሉ፣ ከነወንበሩ ወደቁ።

ጋሽ ታደሰና ባለቤታቸው፣ እኔም አንድ ላይ ሆነን በጎረቤት መኪና ይዘናቸው ሄድን። ሆስፒታሉ ወደ አዳራሹ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ተረኛው ሐኪም ድሮ አብሮኝ የሠራ ሰው ነበር፤ ምርመራውን ጨርሶ ወደ ኮሪደሩ ወጣና በሥራ ቋንቋችን ሳይሆን በተራ ቋንቋ ነገረን።

«ልባቸው ክፉኛ ተጎድቷል። የምንችለውን እያደረግን ነው፤ ግን አልዋሻችሁም፣ እስከ ማታ መቆየታቸውን እንጃ። አሁን ነቅተዋል፤ ይናገራሉ። ልጅ ካላቸው አሁን ትምጣ።»

ገባሁ። ጋሽ ኃይሉ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀዝቅዟል።

«ሲስተር፣ ሶስናን ጥሪልኝ።»

«እሺ ጋሽ ኃይሉ።»

«ሠርጉ አይቋረጥ። አምስት ደቂቃ አይታኝ ትሂድ። አምስት ደቂቃ ብቻ።»

«አመጣታለሁ» አልኳቸው። ይህን ቃል በአፌ ተናግሬዋለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ታደሰ መንገዴን ዘጉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ለሶስና ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ጋሽ ታደሰ፣ እየጠሯት ነው። ሐኪሙ ያለውን ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ! ወንድሜ አይደለም እንዴ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ሙሽራ በቬሎዋ ሆስፒታል አልጋ ሥር ትንበርከክ? የሠርጓን ቀን ዕድሜ ልኳን በምን ታስታውሰው? እናታችን የሞተች ጊዜ እኔ አገር ቤት አልነበርኩም፤ በስንተኛው ቀን፣ በሽማግሌ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የተረዳሁት። ወጉ ይኸው ነው። መርዶ ሰዓት አለው።»

«መርዶ ምን አመጣው? በሕይወት አሉ እኮ!»

«ነገ ጠዋት እኛ እንነግራታለን። አንቺ ዛሬ የመጣሽበትን ሥራ ሥሪ። ይህን ሠርግ ካፈረስሽ በዚህ ሰፈር ማን በር ይከፍትልሻል?»

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። ጋሽ ታደሰ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ብለው ግድግዳውን ተደግፈው እንደ ልጅ አለቀሱ። ያስጨነቃቸው የልጅቱ ደስታ ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የመጨረሻው ጥያቄያቸው ነው። ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ፣ የመጀመሪያ ሠርጌን ያፈረስኩ ነርስ ልባል ነው? አፍሬ ነው የምነግራችሁ፤ እንዲህ ብዬ አስቤያለሁ።

ቢሆንም መኪና ይዤ በፈረንሳይ በኩል ወደ እንጦጦ ስወጣ ልነግራት ወስኜ ነበር። ዳገቱን ሙሉ ቃሉን ተለማመድኩት። «ሶሲ፣ አባትሽ ትንሽ አሟቸው ሊያዩሽ ይፈልጋሉ» ብዬ እጀምራለሁ፤ ሌላውን መንገድ ላይ እነግራታለሁ። ሰባት ሰዓት ገደማ ደረስኩ። ሶስና ባሕር ዛፎቹ መሀል ቬሎዋን ሰብስባ እየሳቀች ትሮጣለች፤ ባሏ ዮናስ ከኋላዋ ነው፤ ካሜራው ይከተላቸዋል። ስታየኝ ጮኸች፦

«ሲስተርዬ! አባዬ ምሳ በላ? መድኃኒቱን ውጧል?»

አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ የተለማመድኩት ቃል የት እንደገባ እንጃ። ካሜራው ፊቴ ላይ ነው። ሚዜዎቹ ቆመው ያዩኛል።

«በልተዋል። ትንሽ ደክሟቸው ጋደም ብለዋል።»

«ጋደም ይበል፤ ግን አዳራሽ እንዳይቀርብኝ። እሱ ሳይመርቀኝ ኬክ አልቆርስም፣ ንገሪው!»

«እነግራቸዋለሁ።»

አንዴ ከዋሸሁ በኋላ ሁለተኛው ቀላል ነበር። የሙሽራዋ ስልክ እኔ ዘንድ ነው፤ አዘጋጅ የሙሽራ ስልክ ይይዛል፣ የሥራው ደንብ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ከደም ግፊት መለኪያው ጎን ተቀምጧል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አዳራሹ ወረድን። እኔ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን ነኝ። ከአሥር በላይ መኪና ክላክሱን እያንባረቀ ይከተለናል። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። ልብ በሉ፣ ቆምን። የመኪናውን በር ከፍቶ መውረድ ብቻ ነበር። ወደ ሹፌሩ ዞርኩ፤ «አንዴ እዚህ ጋ» አልኩት። «ምን አልሽኝ?» አለኝ፤ ክላክሱ አያሰማም። ከኋላ ሶስና ትዘፍናለች። «ምንም፤ ቀጥል» አልኩት።

አዳራሹ በር ላይ ጋሽ ታደሰ ቀድመውን ቆመዋል። ከበሽተኛው ዘንድ ባለቤታቸውን ትተው የመጡት፣ ሁለቱም ወንድማማቾች ከጠፉ ሰው ይጠረጥራል ብለው ነው። ፊታቸውን ታጥበዋል። ሶስና ዙሪያውን ቃኝታ «አባዬስ?» ስትል፣ «ግፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቤት አረፍ በል አልኩት። እኔ እመርቅሻለሁ፤ ነገ ሄደሽ ታዪዋለሽ» አሏት። ፊቷ ሲጠቁር ቪዲዮ አንሺው ዞር እንዲል በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ወደ እኔ መጣች።

«ሲስተር፣ አንቺ አይተሽዋል አይደል? እውነት ደህና ነው?»

አያችሁ፣ የጠየቀችው ሠርግ አዘጋጇን አይደለም። ነርሷን ነው።

«ደህና ናቸው» አልኳት።

«በይ ስልኬን ስጪኝ፣ ድምፁን ልስማ።»

«ከኬኩ በኋላ። አሁን እንግዳው እየጠበቀ ነው።»

እኔን አምና ገባች። እኔም ፕሮግራሙን ከፕላስቲኩ አውጥቼ፣ «የሙሽራዋ አባት ምርቃት» የሚለውን ሰርዤ «አጎት» ብዬ ጻፍኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ቦርሳዬ ውስጥ ስልኩ ጠራ። አወጣሁት። «አባዬ» ይላል።

ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ አየሁት። ድምፁ ቀስ ብሎ ነው የሚጠራው፤ ሙዚቃው ውጦታል። ሶስና ከእኔ አሥር እርምጃ ላይ ናት፤ ባሏ ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር እያላት ትስቃለች። አሥር እርምጃ! ጥሪው ቆመ። ወዲያው ደግሞ ጠራ። አንስቼ «እየመጣች ነው» ልበላቸው? ደግሞ ውሸት። ለእሷ ልስጣት? አራት መቶ ሰው ፊት? «ኬኩ ይለፍ፣ ኬኩ ብቻ ይለፍ» እያልኩ የስልኩ ብርሃን እስኪጠፋ አየሁት። ከዚያ አጠፋሁት።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ የገዛ ስልኬ ጠራ። ሐኪሙ ነው።

«ሲስተር፣ አለፉ። አልደረሳችሁም እንዴ?»

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። የማስታውሰው ቀጥሎ ያደረግሁትን ነው። ፕሮግራሙን አየሁ። «ኬክ» ይላል። ወደ ዲጄው ሄጄ ሙዚቃውን ከፍ እንዲያደርግ ነገርኩት። ጋሽ ታደሰን በዓይኔ ፈለግኋቸው፤ ሲያዩኝ ገባቸው። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቆዩና፣ ተነሥተው ሄደው የወንድማቸውን ልጅ መረቁ። «አባትሽ የተመኘልሽን ሁሉ ይስጥሽ» አሏት። ሶስና ኬኩን ቆረሰች። እልልታው አዳራሹን ሞላው። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ሙሽራዋ አላለቀሰችም። ሠርጉ እንከን አልነበረውም። ሁለት ሴቶች መጥተው «ለእኛም እንፈልግሻለን» ብለው ስልክ ቁጥሬን ወሰዱ። ስንለያይ የሶስናን ስልክ፣ ሳልከፍተው፣ «ባትሪው አልቋል» ብዬ ለሚዜዋ ሰጠሁ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ሙሽራው ቤት ሄዱ። «ራሷን ብትስት ነርስ ትኑር» ብለው እኔን ወሰዱኝ። አሁን ነርስነቴ ተፈለገ። በሩን ያንኳኳነው ቀስ ብለን ነበር፤ የከፈተችው ራሷ ሶስና ናት። እጇ ላይ የሠርጉ ሂና አልለቀቀም። ስልኳን ይዛለች፤ ቻርጅ አድርጋው አይታለች። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። የዚህ አገር ሰው በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ በር ላይ የቆመ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደመጣ አይጠፋውም። ግን አልጮኸችም።

«መቼ?» አለች።

«ሌሊት ነው ልጄ፣ በእንቅልፉ፤ ምንም ሳይሰቃይ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

እሷ ግን የምታየው እኔን ነው።

«ሁለቴ ደውሎልኛል። ስልኬ አንቺ ጋ ነበር። መቼ ነው የሞተው?»

ጋሽ ታደሰ ክንዴን ጨበጡኝ። አስለቀቅኋቸው።

«ትናንት። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ።»

«እኔ ምን እያደረግሁ ነበር?»

ፕሮግራሙን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ኬክ ልትቆርሺ ስትይ።»

«ጠርቶኝ ነበር?»

«አዎ። አምስት ደቂቃ አይታኝ ትሂድ ብለው ነበር።»

ያኔ ጮኸች። በሥራዬ ብዙ ጩኸት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አልሰማሁም። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ዮናስ ሊይዛት ሲሞክር ገፈተረችው። እኔን ግን አልነካችኝም፤ ክፉ ቃልም አልተናገረችኝም። ብትመታኝ እንዴት በወደድኩ!

ለቅሶው ላይ የጋሽ ታደሰ ባለቤት ለብቻዬ ወስዳ ያልሰማሁትን ነገረችኝ። መኪናዎቹ ሆስፒታሉ በር ላይ በቆሙበት ሰዓት ጋሽ ኃይሉ ክላክሱን ሰምተዋል። «መጣች» ብለው ሸሚዛቸውን እንድታስተካክልላቸው ጠየቋት። ድምፁ እየራቀ ሄደ። ስልክ ደውዪልኝ ያሏት ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስት ወር ሥራ አልሠራሁም። ወደ ነርስነት እንዳልመለስም በምን ፊቴ? ከሞት ሸሽቼ አበባ ውስጥ ገባሁ፤ ሞት ግን እዚያም ገብቶ አገኘኝ። እሱስ ይሁን፣ የሞት ሥራው ነው። የእኔ ጥፋት በሕይወት ያለውን ሰው እንደ ሬሳ መቁጠሬ ነው። አንባቢዎቼ፣ ወጋችንን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምጽፈው። መርዶ ጥሩ ወግ ነው፤ ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ፣ የሚደግፈው ክንድ አጠገቡ እንዲኖር ነው የተሠራው። ግን ለሞተ ሰው ነው። ትንፋሹ ላልወጣ፣ ልጁን በስሟ እየጠራ ላለ ሰው መርዶ የለውም። «እንዳትደነግጥ»፣ «ፈተናዋን ትጨርስ»፣ «ከውጭ አገር መጥቶ ምን ያደርጋል» እያላችሁ በሽተኛ የደበቃችሁ፣ አሁንም የደበቃችሁ ካላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ደውሉ።

ዛሬም ሠርግ አዘጋጃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬያለሁ። ውል ከመፈራረማችን በፊት ሙሽራዋን ለብቻዋ አስቀምጬ «በዚያ ቀን በቤተሰብሽ ላይ ክፉ ነገር ቢደርስ ወዲያው ልንገርሽ ወይስ ልቆይ?» ብዬ እጠይቃታለሁ፤ መልሷንም እጽፋለሁ። «ምን ዓይነቷ ሟርተኛ ናት!» ብለው ጥለውኝ የሄዱ ብዙ ናቸው። ይሂዱ።

ሶስናን ከዓመት በላይ አላየኋትም። በቅርቡ ሾላ ገበያ በርበሬ ስገዛ፣ ከጎኔ የቆመችው ሴት እሷ ሆና ተገኘች። ቀድማ አይታኛለች፤ አልሄደችም። ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አቆመችኝ።

«ተይ፣ ሰው ያያል።»

«ሶሲ፣ ይቅርታ በይኝ።»

ሻጯ እየመዘነች ሁለታችንን ታየናለች።

«ብዙ አስቤበታለሁ» አለች። «እንጦጦ ላይ ነግረሽኝ ቢሆን፣ ሠርጌን አበላሸችብኝ ብዬ እስከ ዛሬ እጠላሽ ነበር ይሆናል።» በርበሬዋን ተቀብላ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተች። «ግን እየጠላሁሽ አባቴ ጋ እደርስ ነበር።»

ደህና ዋይ ብላኝ ወደ ታክሲው ሄደች።